የሙሳ ዓሣ እና የጣሀ ፎጣ

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለጀሚል ሱሌማን፤ ጅቡቲ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አገሩ እሳት ነው ይላሉ፤ አላህ ጥላ አያሳጣህ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያቀብል ጎረቤት አይንሳህ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። የሽመና ማሽን ዕድሜ ልኩን ሲያጓራበት የኖረ ጆሮ ጡረታ ስወጣ ይከፈታል ብዬም አልጠበቅሁ። አዛን ሲባል የምታሳውቀኝ ጎረቤቴ ሰርክአዲስ ናት፤ ትከሻዬን ነካ ታደርገኛለች። ክርስቲያኗ ለሰላት ትቀሰቅሰኛለች፤ እኔም በፋንታዬ ጾሟ ሲገባ ወተቱን እደብቅባታለሁ።

ስልክ ለእኔ ምን ይረባል? ሰው ሲናገር ከንፈሩን ካላየሁ አልሰማም። ስለዚህ ይህን ወረቀት ለደምመላሽ ሰጥቼዋለሁ። ደምመላሽ ከዚህ ጅቡቲ ተሳቢ የሚነዳ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ መልስህንም እሱ ያመጣልኛል።

ጉዳዬ ልጄ ነው። ጣሀ ነሐሴ ላይ «ደሴ ወጥቼ ሰኞ ገበያ ጫማ ልግዛ» ብሎኝ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ወደ ዓረብ አገር መንገድ መጀመሩን የሰማሁት ከሰው አፍ ነው። የሸኘው ደግሞ አባትህ ነው። ወይፈኑን ሸጦ ለደላላ የሚሆነውን የሰጠው፣ «ወንድ ልጅ ይሞክር» ብሎ መርቆ የላከው የገዛ ወንድሜ ሱሌማን ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ እሱ ያለበትን የገራዶን መንገድ አልረገጥኩም። እሱም ሁለት ጊዜ ደጄ መጥቶ በሩን ዘግቼበታለሁ። አንተን አልቀየምኩም፤ ልጅ በአባቱ አይጠየቅም።

ጣሀ መስከረም መባቻ ላይ በሰርክአዲስ ስልክ ደውሎ «ኦቦክ የሚባል ባሕር ዳር ነን፤ ጀልባ እየጠበቅን ነው» ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝም አለ። እዚያው ካለ «እናትህ ተመለስ ብላለች» በለው። ተሻግሮም ከሆነ ያየው ሰው አይጠፋምና ጠይቅልኝ። ባዶ እግሩን ካገኘኸው ጫማ ግዛለት።

ደግሞ ሥራህ ዓሣ መቁጠር ነው አሉኝ። ደሴ ወጥተህ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው ዓሣ ልትቆጥር ነው? ሰርክአዲስ በሳቅ ወደቀች። እኔም ትንሽ ስቄያለሁ፤ አትቀየመኝ።

አክስትህ አልጣሽ


ጅቡቲ፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ ለወይዘሮ አልጣሽ።

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤዎ እጄ ሲገባ የኮምቦልቻን አየር የሳብኩ መሰለኝ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ለወይዘሮ ሰርክአዲስም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ሳቃቸውንም ተቀብያለሁ።

ዓሣ መቁጠሩ እውነት ነው። የምሠራበት የባሕር ጥናት ጣቢያ ጠፍጣፋ ዓሣዎችን ይመረምራል። አስጋሪዎቹ ያመጡትን እኔ እየለካሁ በየቤተሰቡ እለያለሁ። ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፣ አክስቴ። እነዚህ ዓሣዎች ሲፈለፈሉ እንደ ሌላው ዓሣ ናቸው። ቀጥ ብለው ይዋኛሉ፤ አንድ ዓይን በግራ፣ አንድ ዓይን በቀኝ አላቸው። የጣት ጥፍር ሲያክሉ ግን አንደኛው ዓይን ቦታውን ይለቅና በአናታቸው በኩል ቀስ እያለ ወደ ሌላኛው ጎን ይሻገራል። ያን ጊዜ ዓሣው ዓይን በሌለው ጎኑ አሸዋ ላይ ይተኛል፤ ዕድሜ ልኩንም በዚያው ይኖራል። የላይኛው ጎኑ የአሸዋውን መልክ ይይዛል፤ የታችኛው ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ቤተሰባቸውን ለመለየት መጀመሪያ የማየው ዓይኖቹ የት እንዳረፉ ነው። ሁለቱም በቀኝ ጎን ከሆኑ፣ ዓይኖቹም ጥቃቅን ከሆኑ፣ አፉም ትንሽና ጠመም ያለ ከሆነ ሶሌይዴ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። በግራ ከሆኑ ወደ ሌላ ሣጥን ይሄዳል። ከዚያ የክንፉን እሾሆች እቆጥራለሁ። ሰርክአዲስ ይሳቁ እንጂ አንዱን ዓሣ ለመወሰን ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝ ጊዜ አለ።

ከዚህ ቤተሰብ አንዱን ዓረቦቹ ሰመክ ሙሳ፣ የሙሳ ዓሣ ይሉታል። ነቢዩ ሙሳ ባሕሩን ሲከፍሉት መሃል ላይ ተገኝቶ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ለዚህ ነው ግማሽ ዓሣ የመሰለው ይላሉ። ሳይንሱ እንዲህ አይልም፤ አስጋሪዎቹ ፊት ግን አልከራከርም። ሌላም ነገር አለው። ሻርክ ሊውጠው አፉን ሲከፍት ከክንፎቹ ሥር ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይለቃል። ሻርኩ አፉን መግጠም ያቅተውና ጥሎት ይሸሻል።

ኦቦክ ከእኔ በባሕረ ሰላጤው ማዶ ነው። ፈቃድ እንዳገኘሁ በጀልባ እሄዳለሁ። ሲወጣ ምን ለብሶ ነበር? መለያ የሚሆን ነገር ካለ ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ ጀሚል


ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጀሚሌ።

አሰላሙ ዓለይኩም። የጻፍክበትን እጅ አላህ ከክፉ ይጠብቅልኝ። ደብዳቤህን ለሰርክአዲስ አነበብኩላት። «ዓይኑ ሲዞር ያመዋል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» አለች። እኔም ልጠይቅህ ነበር፣ ቀደመችኝ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ዓይኑ ለቆት የሄደው ያ ነጭ ጎን፣ ዓይን እንደነበረው ያውቀዋል?

የሙሳን ነገር ስታነሳ ደስ አለኝ። ለነቢዩ ባሕሩን የከፈለ ጌታ ለልጄ መክፈል አይጠበቅበትም። ከውሃው በላይ ይያዝልኝ፣ ይበቃኛል። ወተቱንም ወደድኩት። እኔም ለልጄ ጡት አልነፈግኩትም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከሌሊት ፈረቃ መጥቼ እንቅልፌ ሳይወጣልኝ አጥብቼዋለሁ። የዓሣ ወተት ሻርክ የሚያባርር ከሆነ የእኔማ እንዴት አያደርገው!

መለያ ላልከኝ፣ ፎጣ አለው። ጡረታ ስወጣ ከፋብሪካው የሰጡኝ፣ ዳርና ዳሩ ሰማያዊ የሆነ። ከአንገቱ አይለየውም። አንዱ ጫፉ ተተርትሮ ነበርና እኔ በሽመና ክፍላችን ቋጠሮ ቋጠርኩለት። ክር ሲበጠስ የምንቀጥልበት፣ ጠፍጣፋ ሆኖ እጅ የማይቆረቁር ቋጠሮ ነው። ልጅ ሳለህ አሳይቼህ ነበር፤ በጫማህ ክር ስትሞክረው ታስታውሳለህ? ያን ካየህ ልጄን አየህ።

ጫማውን ተወው፤ ምን እንደነካኝ ጫማ ጫማ የምል። ድምፁን እንኳ አልሰማውም፤ ለሰርክአዲስ ደውሎ «አለሁ» ይበላት። እሷ ከንፈሯን አንቀሳቅሳ ትነግረኛለች።

አክስትህ አልጣሽ


ጅቡቲ፣ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ።

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ ላይ ይሁን። ልብዎን ያጽናልኝ፤ ሶብሩን ይስጥዎ። መልሴ መዘግየቱን አውቃለሁ። ደምመላሽ ሁለቴ መጥቶ ባዶ እጁን መልሼዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ለወይዘሮ ሰርክአዲስ ጥያቄ፤ ዓይኑ ሲዞር ያመው እንደሆን የሚያውቅ የለም። የራስ ቅሉ በዚያ ዕድሜው ገና ለስላሳ ነው፤ አጥንቱ እየተጣመመ ለዓይኑ መንገድ ይለቅለታል። አለቃዬን ጠየቅኳት፤ «ዓሣው ሳይበላ የሚቆይበት ጊዜ ነው» አለችኝ። ለእርስዎ ጥያቄ ደግሞ መልስ አላገኘሁም።

ሌላ ቤተሰብም አለ። ከጠፍጣፋዎቹ ሁሉ ለጥንቱ የቀረበው እሱ ነው ይላሉ። የእሱ ዓይን እስከ መጨረሻው አይሻገርም፤ አናቱ ጠርዝ ላይ ይቀራል። በዚህ ምክንያት አንዳንዴ እንደ ሌላው ዓሣ ቀጥ ብሎ ይዋኛል። ከክንፉም ፊት ፊት ያሉት እሾሆች ጠንካሮች ናቸው። ከእነሱም መሃል ዓይኑ በቀኝ የሆነ አለ፣ በግራ የሆነም አለ፤ ስለዚህ በዓይን ብቻ አይለይም። ስለዚህ ዓሣ ገጽ ሙሉ ልጽፍልዎ እችላለሁ።

ኦቦክ ደርሼ ተመልሻለሁ። የባሕር ዳሩን ሰዎችም አነጋግሬያለሁ። ዝርዝሩ ለወረቀት አይመችም። አባባ ከገራዶ ሽማግሎች ጋር ወደ እርስዎ ይመጣሉ። ቂምዎን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ስለ እኔ ብለው በሩን ይክፈቱላቸው። ሌላ ምንም አልለምንዎትም።

የወንድምዎ ልጅ ጀሚል


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጀሚሌ፣ ለአስታራቂዬ!

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዳስታረቅከን አላህ ከወዳጅህ ሁሉ ያስታርቅህ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ተናድጄብህ ነበር። ስለ ልጄ ብጠይቅህ የዓሣ እሾህ ትነግረኛለህ። ቆይቶ ግን ገባኝ፤ ለካ ስለ ጣሀ ያለውን በአባትህ አፍ ልከህ ልታስታርቀን ኖሯል። ብልጥ!

ሐሙስ ጠዋት ፈጅር ሰግጄ ከመስገጃዬ ሳልነሳ ሰርክአዲስ እየሮጠች መጥታ በሩን አሳየችኝ። ስከፍተው አባትህ ቆሟል፤ ከኋላው የገራዶ ሽማግሎች። ሁሉም ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ብርዱ ነው ብዬ አሰብኩ። አፋቸው ተሸፍኖ ምን እንዳሉ በምን ልወቅ? ለእርቅ የመጣ ሰው ምን እንደሚል ግን አውቃለሁ፤ ሽማግሎቹ ሲያንዛዙት ደግሞ አልወድም። አንዱ ጉሮሮውን ሲጠርግ አይቼ እጄን አነሳሁ። «አትድከሙ፤ ጀሚል ጽፎልኛል፣ ሁሉን አውቄዋለሁ» አልኳቸው። ለአባትህም «የሆነው ሆኗል፣ የአላህ ውሳኔ ነው። አንተም ለልጄ ክፉ አስበህ አይደለም። አፉ ብዬሃለሁ፣ ይቅር ብያለሁ» አልኩት።

ያን ጊዜ አባትህ ጉልበቴ ላይ ወድቆ ተንሰቀሰቀ፤ ገራዶ ያፈራችው ድንጋይ ልብ! ሽማግሎቹም እንባቸውን ጠረጉ። ከቁርዓን ፋቲሓን ቀሩ፣ ረጅም ዱዓ አደረጉ፣ እኔ ከልቤ አሚን አልኩ። ከዚያ ሰርክአዲስን ልኬ ዶሮ አሳረድኩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጀሚሌ፣ አንድ ሰው እንኳ አልቀመሰም! አባትህ፣ የዶሮ ብልት ለሰው ትቶ የማያውቀው አባትህ፣ እጁን ታጥቦ ሳይዘረጋ ተነሳ። ሐፍረት ነው ብዬ ተውኩት። ስለ ጣሀም ሳልጠይቀው ወጡ፤ ደስታው አስረሳኝ። መንገዱ ሲመቸኝ ራሴ ገራዶ ሄጄ እጠይቀዋለሁ።

አንተ ግን ምን ሰማህ? ተሻግሯል አይደል?

አክስትህ አልጣሽ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ጣሀን በጀነት ያኑረው፤ ለእርስዎም ያጡትን የሚያስችል ልብ ይስጥዎ።

እስካሁን ከእርስዎ ደብዳቤ አልደረሰኝም። አባባ ግን ደውለው ነገሩኝ። «ከደብዳቤህ ተረድታ ጠበቀችን፤ አፋችንን ሳንከፍት ሁሉን አውቄዋለሁ አለች። የአላህ ውሳኔ ነው ብላ እኔን አፉ አለችኝ። ለእኛ ዶሮ ሳይቀር አረደች። እንደ እህቴ ያለ ሶብር ዓይኔ አላየም» ብለው ሲያለቅሱ ሰማሁ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ሁሉ የዓሣ ወሬ መሃል እውነቱን አውጥተው አነበቡት። መርዶ በወረቀት አይነገርም ብዬ ነበር የሸሸሁት። አሁን ሰምተዋልና ያየሁትን ሁሉ ልንገርዎ፤ የእናት መብትዎ ነው።

ጀልባዋ የተነሳችው መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። ከአቅሟ በላይ ሞልታ ነበር። ከዳርቻው ብዙም ሳትርቅ ተገለበጠች። ጣሀንና ሌሎችን ባሕሩ በማግስቱ ወደ አሸዋው አወጣቸው። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ከልጆቻቸው ጋር ሆነው አጥበው፣ ገንዘው፣ ሰግደውባቸው ቀብረዋቸዋል። ልብሳቸውንም «ዘመድ ቢመጣ» ብለው አስቀምጠው ቆዩኝ። ከመሃሉ ሰማያዊ ዳር ያለው ፎጣ አወጡልኝ። ጫፉን በጣቴ ዳሰስኩት። ጠፍጣፋ ነው፣ እጅ አይቆረቁርም።

ሥራዬ መለየት ነው፣ አክስቴ፤ በየቀኑ እለያለሁ። ያን ቀን ግን ይህን ቋጠሮ ባላወቅሁት ብዬ ተመኘሁ። ሁላችንም ስለ እሱ ስንጻጻፍ እሱ አፈር ውስጥ ነበር። መቃብሩ ላይ ቁርዓን አስቀርቻለሁ። ፎጣው እኔ ዘንድ ነው። ጨውና አሸዋ አለበት፤ አጥቤ ልላክልዎ?

የወንድምዎ ልጅ ጀሚል


ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጀሚል።

አሰላሙ ዓለይኩም።

ደብዳቤህን ደምመላሽ ሰጠኝ። ምን እንደያዘ እሱም አላወቀም፤ እየሳቀ ነው የሰጠኝ። የምሥራች ነው ብዬ እዚያው ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ከፈትኩት። ሰርክአዲስ ከቤቷ ሆና ጩኸቴን ሰምታ እንደመጣች ነገረችኝ። እኔ አልሰማሁትም።

አላወቅሁም ነበር፣ ጀሚሌ። ሽማግሎቹ ለእርቅ የመጡ መስሎኝ ነው፤ ሰርክአዲስም እንደ እኔው መስሏት ነበር። አሚን ያልኩት ልጄ በሰላም እንዲገባልኝ ነው። በገዛ ልጄ መርዶ ላይ ዶሮ አረድኩ። አንተ አልዋሸህም፣ አባትህም አልዋሸም፣ እኔም አልዋሸሁም። ግን ልጄ በደብዳቤ ሞተብኝ። ለእናት እንዲህ አይነገርም ነበር። ሰው ሊደግፈኝ፣ ነጠላ ሊያለብሰኝ፣ ወገቤን ሊይዘኝ ይገባ ነበር። ሰርክአዲስ አለች፤ እሷ ይዛኛለች፣ እስካሁንም አልለቀቀችኝም።

በማግስቱ ገራዶ ሄድኩ። ገና ሳይነጋ ነው የደረስኩት። ለመርዶ የሚኬደው በዚያ ሰዓት ነውና እኔው ሄድኩላቸው። ወላሂ የሄድኩት አፉ ያልኩትን ልመልስ ነው። እንቢ ልለው፣ «ወይፈንህ ልጄን በላብኝ» ልለው ነው። አባትህ ከፍቶ ሲያየኝ ደስ አለው፤ «ግቢ እህቴ» ሲል ከንፈሩን አየሁት። «አላወቅሁም ነበር» አልኩት። ወረቀትህን አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ ሌላ ሰው ሆነ፤ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ጋቢውን ከፊቱ ገልጦ፣ ከንፈሩን እንዳነብ ወደ ብርሃኑ ዞሮ፣ «እንግዲያ አፉ ያልሽኝን መልሰሽ ውሰጂው፣ አይገባኝም» አለኝ።

ከራሴው አፍ ቀማኝ። የመጣሁበትን ነገር እሱ አስቀድሞ ሲለው እኔ ምን ልበል? ጋቢውን ይዤ ወደ ምድር ተቀመጥኩ፤ እሱም ተቀመጠ። አገሩ ተሰብስቦ አለቀሰልን፤ ልጄ ከሞተ በስንት ወሩ ያን ቀን ገና ተለቀሰለት። አፉታዬን አልወሰድኩም። እወቅልኝ፣ ለእሱ አዝኜ አይደለም፤ አቅም አጥቼ ነው። አሁንም ፊቱን ሳየው ያመኛል። አንድ ቀን አውቄ እሰጠው እንደሆን አላህ ያውቃል፤ አንተ ግን ለእሱ እንዲህ ብለህ እንዳትነግረው።

ስለዚያ ዓሣ ወተት አንተ የጻፍክልኝን ስንት ጊዜ አነበብኩት መሰለህ። ሻርኩን ብቻ ነው ለካ የሚያባርር፤ ውሃውን አያባርርም። ያጠባሁት ሁለት ዓመት የት ገባ? ይህን ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም።

ለሽማግሌው አስጋሪ እጃቸውን እንደሳምኩላቸው ንገርልኝ። እኔ ሳላጥበው አጥበውታል፣ እኔ ሳልሸኘው ሸኝተውታል፤ አላህ ልጆቻቸውን አይንካባቸው።

አንተም ዓሣህን ቁጠር፣ ሥራህን አትተው። ከእንግዲህ ግን ስጠይቅህ የጠየቅሁህን መልስልኝ።

ፎጣውን ከደምመላሽ ጋር ላክልኝ። እንዳታጥበው።

አክስትህ አልጣሽ